ያለንበትን ቦታ ማወቅና ፊታችን ወዴት እንደ ዞረ ማወቅ
(በራዲዮ የተነገረ ንግግር)

የዛሬው ንግግራችን ስለ መሣሪያ ነው። ዳሩ ግን ይህን መሣሪያ የምናነሣው የጥበቡን ረቂቅነት ለማድነቅ ብቻ አይደለም። በአውሮፕላን የሚሳፈር፣ በመርከብ ዕቃ የሚያስመጣ፣ በመኪና ወደ ሩቅ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው ሁሉ ሕይወቱንና ንብረቱን ለዚህ መሣሪያ አደራ ስለ ሰጠ ነው። አደራ የተሰጠውን ደግሞ ጠባዩን መመርመር ይገባል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ በጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ምን ያህል እንደሚያስፈራ አይስተውም። እንግዲህ አንድ ነጂ መኪናውን በዚያ ጉም መካከል አቁሞ ስልኩን ቢመለከት፣ ስልኩ ከሳተላይት በሚቀበለው ወሬ ያለበትን ቦታ በጥቂት ሜትር ልዩነት ያሳየዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ነጂው ከዚህ ይልቅ ሊያውቅ የሚፈልገው ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የመኪናው አፍንጫ ወደ መንገዱ ነውን ወይስ ወደ ገደሉ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ሳተላይቱ ብቻውን መልስ የለውም።

ስለዚህ ሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች መኖራቸውን አስቀድመን እንለይ። አንደኛው «የት ነኝ?» የሚለው የቦታ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው «እንዴት ሆኜ ነኝ?» የሚለው የአቋም ጥያቄ ነው። አቋም ስንል ሦስት ነገሮችን ማለታችን ነው። ፊቱ ወደ ሰሜን ነው ወይስ ወደ ምሥራቅ? አፍንጫው ቀና ብሏል ወይስ ደፋ ብሏል? ወደ ቀኝ ጎኑ አዘንብሏል ወይስ ወደ ግራ? ቦታውን የሚያውቅ ሁሉ አቋሙን ያውቃል ማለት አይደለም፤ አቋሙን የሚያውቅም ሁሉ ቦታውን አያውቅም።

በመጀመሪያ የቦታውን ምስክር እንመልከት። የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው ጂፒኤስ የተባለው ሥርዓት፣ የመጀመሪያው ሳተላይት በ1978 ወደ ሰማይ ወጥቶ በ1995 ሥራው በሙሉ ተሟልቷል። (ሌላ ምልክት ካልተደረገበት በቀር፣ በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ሩስያ፣ ቻይናና የኤውሮፓ ኅብረትም የየራሳቸው እንዲህ ያለ ሥርዓት አላቸው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በቀን ሁለት ጊዜ ምድርን ይዞራሉ። እያንዳንዳቸውም እጅግ ትክክለኛ የሆነ አቶሚክ ሰዓት ይዘው፣ «እኔ በዚህ ቦታ ሆኜ፣ በዚህ ሰዓት ይህን ቃል ላክሁ» እያሉ በራዲዮ ሞገድ ሳያቋርጡ ይናገራሉ። የራዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በምድር ያለው ተቀባይ መሣሪያ ቃሉ የተላከበትንና የደረሰበትን ጊዜ አስተያይቶ የእያንዳንዱን ሳተላይት ርቀት ያሰላል። የሦስቱ ርቀት ቦታውን ይወስናል፤ አራተኛው ደግሞ የተቀባዩን ሰዓት ስሕተት ያርማል። በዚህ ስሌት የአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ስሕተት የ300 ሜትር ስሕተት ነውና፣ ሰዓት ማረም ቀላል ነገር እንዳይመስለን።

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ድካም የሚያስገኘው የአንዲት ነጥብ ቦታ ነው፤ ይህችውም ነጥብ አንቴናው የተተከለባት ናት። ነጥብ ደግሞ ፊትና ኋላ፣ ቀኝና ግራ የላትም። እርግጥ መኪናው ሲሄድ ነጥቦቹ ተከታትለው መስመር ይሠራሉ፤ መስመሩም የሄደበትን አቅጣጫ ያሳያል። ነገር ግን የሄዱበት አቅጣጫና ፊት የዞረበት አቅጣጫ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና ፊቱ ወደ አንድ ወገን፣ መንገዱ ወደ ሌላ ወገን ነው። ነፋስ ከጎን የሚገፋው አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ጥቂት አዙሮ በሌላ መስመር ይጓዛል። የቆመ መኪናማ ከቶ መስመር የለውም።

ለአቅጣጫ ኮምፓስ አለ የሚል ሰው ቢኖር ልክ ነው። የሆነ ሆኖ ኮምፓስ በብረት ይታለላል፤ መኪናውም መርከቡም ብረት ነው። ይልቁንም በዋልታዎች አጠገብ የኮምፓስ መርፌ የሚታመንበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ሊቃውንት ሌላ ምስክር ፈለጉ።

ይህ ሁለተኛው ምስክር ከውጭ ምንም ወሬ የማይፈልግ፣ በዕቃው ውስጥ ተዘግቶ የሚኖር ነው። ጠባዩን ለመረዳት የእናቶቻችንን እንዝርት ማሰብ ይበቃል። እንዝርት በኃይል ሲሽከረከር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መሽከርከሩ ሲደክም ይወድቃል። በፍጥነት የሚሽከረከር ነገር የያዘውን አቅጣጫ በቀላሉ አይለቅምና። ፈረንሳዊው ሊቅ ሌዎን ፉኮ ይህን ጠባይ መሠረት አድርጎ በ1852 የምድርን መዞር የሚያሳይ መሣሪያ ሠራ፤ ስሙንም ጃይሮስኮፕ አለው። በዘመናችን ያሉት ጥቃቅን ጃይሮስኮፖች ግን የሚሽከረከር ጎማ የላቸውም፤ ከሲሊኮን የተቀረጸች እጅግ ትንሽ አካል እየተንቀጠቀጠች መዞርን ትለካለች። በኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ እንኳ ይህች አካል አለች።

ከጃይሮስኮፕ ጋር አብሮ የሚሠራው መሣሪያ አክስሌሮሜትር ይባላል፤ ሥራውም የፍጥነትን መጨመርና መቀነስ መለካት ነው። አውቶቡስ በድንገት ሲነሣ ወደ ኋላ፣ በድንገት ሲቆም ወደ ፊት የሚገፋን ነገር አለ። ዓይናችንን ብንጨፍን እንኳ በዚህ ግፊት የአውቶቡሱን መነሣትና መቆም እናውቃለን። አክስሌሮሜትር ይህን ግፊት በቁጥር የሚጽፍ ነው። ሦስት ጃይሮስኮፕና ሦስት አክስሌሮሜትር በአንድነት ሲታሰሩ፣ ከታወቀ መነሻ ተነሥተው የተጓዙትን ሁሉ በመደመር ያለበትን ቦታና አቋም ይናገራሉ። በ1953 ቻርልስ ስታርክ ድሬፐር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በዚህ ዓይነት መሣሪያ የሚመራ አውሮፕላን ከማሳቹሴትስ እስከ ሎስ አንጀለስ እንዲበር አደረገ። በ1958 ደግሞ ናውቲለስ የተባለችው የአሜሪካ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ፣ ሰማይ በማይታይበትና ኮምፓስ በማይታመንበት በሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር በዚህ ዓይነት መሣሪያ ረዳትነት አለፈች።

እንግዲህ ሁለተኛው ምስክር ይህን ያህል ብርቱ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ለምን ያስፈልጋል? መልሱን የቢሮ ሥራ የሚያውቅ ሰው ፈጥኖ ይረዳዋል። አንድ የሒሳብ ጸሐፊ በዓመቱ መጀመሪያ የነበረውን ገንዘብ መነሻ አድርጎ፣ ገቢውን እየደመረ ወጪውን እየቀነሰ፣ ሣጥኑን ግን አንድ ቀን እንኳ ከፍቶ ሳይቆጥር ይሠራል እንበል። በየቀኑ የሚጽፈው ፈጣንና ዝርዝር ነው። ነገር ግን ሰኞ የተሳሳታት አንዲት ሳንቲም ማክሰኞም ትኖራለች፤ ማክሰኞ የተሳሳታትም በላይዋ ትጨመራለች። መሣሪያችንም እንደዚሁ ነው። አክስሌሮሜትሩ በሰከንድ በሰከንድ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል የፍጥነት ለውጥ በስሕተት ቢያነብብ፣ በአንድ ደቂቃ 18 ሜትር፣ በ10 ደቂቃ ግን 1,800 ሜትር ያህል ይስታል። ጊዜው ዐሥር እጥፍ ሲሆን ስሕተቱ መቶ እጥፍ መሆኑን አስተውሉ። አቋሙ ሲሳሳት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። መሣሪያው ያዘነበለ ሳለ አንድ ዲግሪ ሳያውቅ ቢቀር፣ የምድርን ስበት እንደ ጉዞ ቆጥሮ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 300 ሜትር ያህል ተጓዝሁ ይላል።

ሳተላይቱ በአንጻሩ ሣጥኑን እየከፈተ እንደሚቆጥር ተቆጣጣሪ ነው። የትናንቱ ስሕተት ወደ ዛሬ አይተላለፍበትም። ዳሩ ግን የሚመጣው በየጊዜው ነው፤ በመካከሉ ምን እንደ ተደረገ አያውቅም፤ በዋሻ ውስጥ፣ በረጅም ሕንፃዎች መካከልና በጥልቅ ሸለቆ ከቶ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ የአንዱ ጉድለት የሌላው ብርታት ነው። አንዱ ለአጭር ጊዜ ይታመናል፣ ሲቆይ ይስታል፤ ሌላው ለአጭር ጊዜ ይዋዥቃል፣ ሲቆይ ይታመናል። በጉድለት የሚመሳሰሉ ሁለት ምስክሮች ቢገናኙ ያው አንድ ናቸው፤ በጉድለት የሚለያዩ ሲገናኙ ግን እውነት ይወጣል።

የእነዚህ የሁለቱ መገናኘት በተለይ የፊትን አቅጣጫ እንዴት እንደሚገልጥ ማየት ያስደስታል። መኪናው ቆሞ ሳለ ነጂው ነዳጅ ሲሰጠው፣ በውስጡ ያለው አክስሌሮሜትር «ወደ ፊት ተገፋሁ» ይላል፤ ፊቱ ወደ ሰሜን ይሁን ወደ ምሥራቅ ግን አያውቅም። በዚያችው ቅጽበት ሳተላይቱ «የዚህ ነጥብ ፍጥነት ወደ ምሥራቅ ጨመረ» ይላል፤ ነጥቡ ፊት እንዳለው ግን አያውቅም። ሁለቱ ቃላቸው ሲገጣጠም፣ አንዳቸውም ያላወቁት ሦስተኛ ነገር ይገኛል፤ ይኸውም የመኪናው ፊት ወደ ምሥራቅ መሆኑ ነው። መኪናው ወደ ኋላ ቢሄድ እንኳ፣ «ወደ ኋላ ተገፋሁ» የሚለውና «ፍጥነቱ ወደ ምዕራብ ጨመረ» የሚለው ቃል ሲገናኝ ውጤቱ ያው ምሥራቅ ነው። ነገር ግን መኪናው የቆመ ወይም ሳይፈጥንና ሳይታጠፍ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚሄድ ከሆነ፣ ከዚህ መንገድ አዲስ ወሬ አይገኝም። ለእንዲህ ያለው ጊዜ በጣራው ላይ ሁለት አንቴና አራርቆ መትከል ይረዳል። በአንድ ሜትር ርቀት የተተከሉ ሁለት አንቴናዎች አንዱ ከሌላው ያለውን ቦታ በ5 ሚሊ ሜትር ስሕተት ካወቁ፣ የፊቱን አቅጣጫ ከአንድ ዲግሪ ሲሶ ባነሰ ስሕተት ይናገራሉ።

የሁለቱን ቃል የማስታረቁ ጥበብ ደግሞ በቡዳፔስት ተወልዶ በአሜሪካ የተማረው ሩዶልፍ ካልማን በ1960 ባሳተመው ስሌት ላይ የተመሠረተ ነው። ወደ ጨረቃ የሄዱት የአፖሎ መንኮራኩሮች በዚህ ስሌት ተጠቅመዋል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ ስሌቱ የእያንዳንዱን ምስክር ቃል ብቻ ሳይሆን፣ በዚያች ሰዓት ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባው አብሮ ይመዝግባል። የሚታመነውን አብዝቶ፣ የሚጠረጠረውን አሳንሶ ይቀበላል። ከዚህም በላይ፣ ተቆጣጣሪው በመጣ ቁጥር የጸሐፊው ሒሳብ በአንድ ወገን ብቻ የሚጎድል ከሆነ፣ ስሌቱ የጸሐፊውን የስሕተት ልማድ ይማራል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ሲቀር እንኳ ያንን ልማድ እያረመ ይቀጥላል። መኪናችን ዋሻ ውስጥ ሲገባ በካርታው ላይ ያለው ምልክት መንገዱን ሳይስት የሚቀጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህን ጥቅም ከእርሻ ሥራ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በሳተላይት የሚመራ ትራክተር አንቴናው በጣራው ላይ፣ ከመሬት 3 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይተከላል። ትራክተሩ በተዳፋት መሬት ላይ 5 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል፣ አንቴናው ከትራክተሩ መካከል 26 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ይወጣል። እንግዲህ የአንቴናው ቦታ በ2 ሴንቲ ሜትር ቢታወቅ እንኳ፣ ማዘንበሉ ካልታወቀ ማረሻው የበቀለውን አዝመራ ይገለብጣል። ማዘንበሉን ነግሮ ስሌቱን የሚያቀናው በውስጡ ያለው መሣሪያ ነው።

አሁን ደግሞ ምስክሮቹ ሲለያዩ የሚሆነውን እንመልከት። በመስከረም 1 ቀን 1983 የኮሪያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከአንኮሬጅ ወደ ሴኡል ሲበር፣ መሪው መሣሪያ አንድ የኮምፓስ አቅጣጫ ብቻ ይዞ ስለ ቀረ ከመንገዱ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ወጥቶ ወደ ሶቭየት ኅብረት ሰማይ ገባ፤ በተዋጊ አውሮፕላንም ተመትቶ 269 ሰዎች ሞቱ። ፊቱን ያውቅ ነበር፤ ያለበትን አላወቀም። የአሜሪካ መንግሥትም ጂፒኤስ ለዓለም ሕዝብ በነጻ እንደሚፈቀድ ያስታወቀው በዚያው ወር ነው።

ሳተላይቱ ከተሟላ በኋላስ? በሰኔ 1995 ሮያል ማጀስቲ የተባለች የመንገደኞች መርከብ ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ጉዞ ጀመረች። ከተነሣች አንድ ሰዓት ያህል ሳይሞላ የጂፒኤሱ ሽቦ ከአንቴናው ተላቀቀ። መሣሪያው ግን አልቆመም፤ ከመርከቡ ኮምፓስና ከፍጥነት መለኪያው በሚያገኘው ወሬ በግምት መቁጠር ጀመረ። ይህንንም በመስኮቱ ላይ በጥቃቅን ፊደል ብቻ አመለከተ። ነፋሱና የባሕሩ ሞገድ መርከቡን ወደ ጎን ሲገፉት ኮምፓሱ ሊያውቅ አልቻለም፤ ፊቱ አልተለወጠምና። መኮንኖቹም በሌላ መሣሪያ አላመሳከሩም። 34 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ መርከቧ ከታሰበው መንገድ 17 የባሕር ማይል ያህል ርቃ፣ በናንታኬት ደሴት አጠገብ በአሸዋ ላይ ተቀመጠች። በላይዋ 1,509 ሰዎች ነበሩ፤ በእግዚአብሔር ቸርነት የሞተ የለም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሽቦው መላቀቅ ብቻ አይደለም። ተቆጣጣሪው መቅረቱን ማንም ሳያስተውል፣ የጸሐፊው ግምት የተቆጣጣሪ ማኅተም እንዳለበት ተቆጥሮ መቀጠሉ ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን። የሳተላይት ሞገድ ከሩቅ ስለሚመጣ ምድር ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው፤ ትንሽ የራዲዮ ማሠራጫ ሊያፍነው፣ ተንኰለኛም በሐሰተኛ ሞገድ ሊያታልለው ይችላል። በቅርብ ዓመታት በባልቲክ ባሕር፣ በጥቁር ባሕርና በምሥራቅ ሜዲትራኒያን አጠገብ የሚበሩ አውሮፕላኖች ይህ ሲደርስባቸው ታይቷል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ማንም ሊያፍነው የማይችለው፣ በዕቃው ውስጥ ያለው ጃይሮስኮፕ ነው። እርሱ ከሳተላይቱ ጋር ሲለያይ «ከሁለታችን አንዱ ተሳስቷል» ብሎ መጮኹ ብቻ ታላቅ አገልግሎት ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ጉዳይ የሩቅ ወሬ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ወራት ውስጥ የዚያው ዓይነት አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች ይዞ ባሕር ገብቶ ነበር። በዚያ አደጋ ነገሩ የሳተላይት አልነበረም፤ የአውሮፕላኑ ክንፍ ነፋሱን በምን ያህል ዝንባሌ እንደሚገጥም የሚለካ መሣሪያ ነበር። አውሮፕላኑ እንዲህ ያሉ ሁለት መለኪያዎች ሲኖሩት፣ አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋው ሥርዓት የሚሰማው የአንዱን ብቻ ነበር። ያ አንዱ ሲዋሽ ሌላውን የሚጠይቅ አልነበረም። ከአደጋው በኋላ ሥርዓቱ ሁለቱን እንዲያመሳክርና ሲለያዩም እንዲታቀብ ተደርጎ ተለወጠ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም የሚለውን የአባቶች ቃል እንኳን አንድ ዓይን ያለው፣ ሁለት ዓይን ኖሮት በአንዱ ብቻ የሚያይም ሊያስበው ይገባ ነበር።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ ብዙዎቻችሁ መሣሪያ ሲገዛ የምትፈርሙ፣ ዕቃ የምትረከቡ፣ መኪናና ትራክተር፣ የመሬት መለኪያና ሰው አልባ አውሮፕላን ለሥራ የምታሰማሩ ናችሁ። ሻጩ «ይህ መሣሪያ በሴንቲ ሜትር ያውቃል» ሲላችሁ፣ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። መጀመሪያ፤ የሚያውቀው ቦታውን ብቻ ነው ወይስ አቋሙንም? ሁለተኛ፤ ሳተላይቱ ሲታፈን ወይም ሲሰወር፣ ለስንት ደቂቃ፣ በምን ያህል ስሕተት ይቀጥላል? ሦስተኛ፤ ከእርግጥ ወደ ግምት በተሻገረ ጊዜ ለሚሠራበት ሰው በግልጥ ይናገራልን፤ ወይስ በጥቃቅን ፊደል ያልፈዋል? ለሦስተኛው ጥያቄ የማይመልስ መሣሪያ ዋጋው ቢረክስም ውድ ነው።

መሣሪያ መሳሳቱ አያስነውረውም፤ የተሠራው በሰው እጅ ነውና። ለአደጋ የሚያበቃን ግን ስሕተቱን ከሌላ ምስክር ጋር ሳናመሳክር ዝም ብለን ስንከተለው ነው። በቢሮአችን የሚቆጥረውንና የሚመዘግበውን ሰው ለይተን ማስቀመጣችን ሁለቱንም ስለ ጠላን አይደለም፤ የሁለቱንም ቃል ማመን እንድንችል ነው። በሰማይ ያለው ሳተላይትና በዕቃው ውስጥ ያለው ጃይሮስኮፕም በአንድነት የተቀጠሩት ለዚሁ ነው።